ለቃሚ

ሳስካቱን፤ ጥር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
በረዶ ውጦታል ከጋራዡ ደጅ እስከ መንገድ።
ትእዛዝ ደርሶናል ከሃምቦልት ገበሬ፤
መቶ ሃያ ሰሌዳ፣ የጎተራ ወሬ፣
ካኖላው ከሆዱ መጋል ሲጀምረው
ሳይጤስ፣ ሳይበላሽ፣ ለባለቤቱ የሚነግረው።

በያንዳንዱ ሰሌዳ ስልሳ ሦስት እቃ፣
ከሰሊጥ ያነሰ፣ በትንፋሽ የሚነቃ።
አባዛሁት፦ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ጊዜ ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣
በወረንጦ ጫፍ፣ እስትንፋስ ውጦ፣ ዓይን እስኪፈጥጥ።
ይታገሱ ግን (ስሙን ማን እንዳወጣው!)
«ለቃሚ መኪና» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣው።

ሦስት ዕጩ ነበሩን።
አንዷ ከሼንዘን የምትመጣ፣ ሚጢጢ፣ የጠረጴዛ፣
ባለ ሁለት አፍንጫ፣ ዋጋዋም ያልበዛ፤
መመሪያዋ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦
«እጅ አታስገቡ፤ ጣት መቼ ይበቅላል?»
ሁለተኛው ያገለገለ፣ ከካልጋሪ ጨረታ፣
የከሰረ ድርጅት ቅርስ፣ ግማሽ ቶን የሚመዝን ጌታ፤
በሰዓት አራት ሺህ እቃ ሳይደክመው ይለቅማል፤
ፍሎፒ ዲስክ ካጣ ግን ኮምፒውተሩ ይታመማል።
ሦስተኛው ወረንጦ ነው። እሱ አለን።

ባንክ ቤት ደወልን። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር»
የሚሉት እኛን ይመለከት ይሆን? ማን ይመስክር?
ይታገሱ ወለሉን በቢጫ ቴፕ ከለለ፤
ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ «እዚህ ይቆማል» አለ።

ጎረቤታችን ዶሪን፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣
ሠላሳውን የጨረሰች ስልክ ስትበይድ ፋብሪካ ቤት፣
ቡትሷን አራግፋ ገብታ፣ የሙከራውን ሰሌዳ አነሳች፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እኛን ረሳች።
«ሊጡን የቀባው ማነው?»
እኔ፣ አልኳት። በባንክ ካርዴ ጠርዝ።
«ያስታውቃል። እዚህ ጋ ጎርፍ ነው፤ እዚያ ድርቅ፤
እዚህ ደግሞ ሁለት እግር ያጋባ ድልድይ፣ ወላጅ ሳይጠየቅ።
መኪናችሁ እቃውን በቦታው ያኖራል፤ እሺ፣ ይሁን፤
ረግረግ ላይ ነው የሚያኖረው! መጀመሪያ መሬቱን።»

ከገበሬዎቹስ ቀጥሎ? አለችን።
ሠላሳ የንብ ቀፎ ሚዛን። ከዚያ አሥራ ሁለት የማናውቀው ነገር።
«እንግዲያው ጥቅልል ስትጭኑ ግማሽ ቀን፣ ስታወርዱ ግማሽ ቀን፤
እሱ ሃያ ደቂቃ ሊሠራላችሁ፣ እናንተ ልትሠሩለት ሌላውን።»

ይታገሱ ተቆጣ። ብድግ ሲል ከወንበሩ
ሳህኑን መታው ክርኑ፤
አራት መቶ ካፓሲተር ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ፤
ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ብናኝ ነው የመሰለ።
ተንበረከክን። ባትሪ ያዝን።
የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ይህን
ለዶሪን በእንግሊዝኛ መንገር አቃተን፤
ጋራዡ ውስጥ ያን ሌሊት ለቃሚ ሦስት ሆንን።
ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ወገቧን ይዛ፣ የነገረችን፦
«ጽሑፍ የላቸውም እኮ፤ የወደቀ ካፓሲተር ስሙን አይናገርም።
ጣሉት።»

ሐሙስ ስድስት ሰዓት የካልጋሪው ጨረታ ተዘጋ።
ይታገሱ ስክሪኑ ፊት ነበር፤ ጣቱ አዝራሩን እንደተጠጋ
ቀረ። እኔም ምንም አላልኩት።

የገዛነው፦ ባለ ማጠፊያ የብረት ማተሚያ፣
በሌዘር የተበሳ ወንፊት፣ ለምድጃው ሙቀት መለኪያ፣
አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አየር የምትስብ ብዕር፤
ባንኩ መልሶ ሲደውል፣ ቀረ የጤፉ ብድር።
ይታገሱ በቀን ሃያ ሰሌዳ ይለቅማል፣ እየተሳደበ።

ቢጫው ቴፕ አሁንም ወለሉ ላይ አለ፤
ለጌታው የተሰመረ፣ አራት ማዕዘን፣ የተከለለ።
ዶሪን የኩሽናዋን ወንበር በበረዶው ጎትታ አምጥታ
መሃሉ ላይ አቆመችው፤ ትራስ አነጠፈች፤
ማይክሮስኮፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ
«ሰባ ሦስተኛውን ስጡኝ» አለች።